ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ሽጉጥ የያዘ አሽከርካሪና የአሜሪካ ፖሊስ

አጎቴ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ታክሲ ሲነዱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማለዳ፣ እሳቸው ዘንድ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መሆኑ ነው፣ ደወሉና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ “አንቺ ልጅ፣ ሕግ የምትማሪው ለጌጥ ነው ወይስ ለቁም ነገር?” አሉኝ። እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሳፋሪ መስሎ የገባ ሰው ሽጉጥ ደግኖ የቀን ገቢያቸውን ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ይይዛሉ። (እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ለሦስት ቀን አላናገረቻቸውም።) በደወሉልኝ ሌሊት የመኪናቸው የኋላ መብራት ተቃጥሎ ኖሮ ፖሊስ አስቆማቸው። ሽጉጡ ቀኝ ወገባቸው ላይ፣ ከጃኬታቸው ሥር ነው። መንጃ ፈቃዱ ያለበት የኪስ ቦርሳ በዚያው በቀኝ በኩል የሱሪያቸው የኋላ ኪስ ውስጥ ነው። ሊብሬው ደግሞ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ። ፖሊሱ መስኮቱ ላይ ቆሞ “መንጃ ፈቃድና ሊብሬ” አለ።

“ልንገረው? ብነግረው ይደነግጥ ይሆን? ሳልነግረው ቢያየውስ?” እያሉ ሲያመነቱ እጃቸው ቀድሞ ወደ ኋላ ኪሳቸው ሄደ። መንጃ ፈቃዱን ሰጡ፤ ስለ ሽጉጡ ግን ትንፍሽ አላሉም። ፖሊሱ ወደ መኪናው ተመልሶ ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ አየ። ሁለተኛ ሲመጣ አረማመዱ ሌላ ነው፤ እጁ ሽጉጡ ላይ ነው። “መሣሪያ ይዘሃል? ለምን አልነገርከኝም?” ብሎ ጮኸባቸው። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው “አዎ፣ ፈቃድ አለኝ” አሉ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ መብራቱን እንዲያሠሩ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው።

የአጎቴ ጥያቄ አንድ ነበር፦ “ጥፋተኛው እኔ ነኝ እሱ?” “ነገ እነግርዎታለሁ ጋሼ” አልኳቸው። ነገ የተባለው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ይህ ጽሑፍም ከዚያ የተገኘ ነው። (የአገራችን አዋጅ ከተጠቀሰበት ቦታ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ቀድሞ ይናገር?

በእኛ አገር የዚህ ዓይነት ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። ባንክ በር ላይ ዘበኛው ቀድሞ “መሣሪያ ይዘዋል?” ይላል፤ የያዘ አስረክቦ ይገባል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይም ኬላ ሲደረስ “ውረዱ፣ ፍተሻ!” ይባላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ቢሆን መነሻው ያለ ፈቃድ መሣሪያ አይያዝም የሚል ነው። በአጭሩ ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይመልሳል።

አሜሪካ ውስጥ ግን መነሻው ሌላ ነው። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ያውቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሄለር በሚባለው መዝገብ ይህ የግለሰብ መብት ነው፣ ቤት ውስጥ ራስን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝንም ይጨምራል አለ። በ2022 ደግሞ ብሩን በሚባለው መዝገብ መብቱ ከቤት ውጭም ሰውየውን ይከተለዋል ሲል ወሰነ። ከዚህ ጎን ለጎን ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን የፈቀዱ ግዛቶች ቁጥር በ2024 ዓ.ም. 29 ደርሷል።

እንግዲህ ፖሊሱ ያስቆመው ሰው ሽጉጥ ስላለው ብቻ ወንጀለኛ ነው አይባልም። ወንጀለኛ አይደለም ማለትም አይቻልም። በጨለማ መስኮት ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ፖሊስ ይህን በሰከንዶች ውስጥ መለየት አለበት። ሕግ አውጪዎቹም ሥራውን ለማቅለል አንድ ዘዴ አመጡ፤ የያዘው ሰው ራሱ ይናገር የሚል። “የማሳወቅ ግዴታ” ይሉታል።

ችግሩ ግዛቶቹ አንድ ዓይነት ሕግ አለመደንገጋቸው ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቤ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር! ሚሺጋንን የመሰሉ ግዛቶች ፈቃድ ያለው ሰው ፖሊስ እንዳስቆመው ሳይጠየቅ ወዲያውኑ እንዲናገር ያስገድዳሉ። ሚሺጋን ውስጥ ይህን ያላደረገ ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ዶላር ይቀጣል፣ ፈቃዱም ለ6 ወር ይታገዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቢደግመው ቅጣቱ 1,000 ዶላር ሲሆን ፈቃዱም ይሰረዛል። አላስካ፣ ኔብራስካና ሰሜን ካሮላይናም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሌሎች “ፖሊሱ ከጠየቀ መልስ” ብቻ ይላሉ፤ ሚኒሶታ እንደዚያ ነው። ኦሃዮ ለብዙ ዓመታት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ቆይቶ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ወደነዚህኞቹ ተሻገረ። ጉዳዩን ጭራሽ ሳያነሡ የሚያልፉም አሉ።

ቴክሳስ ለብቻው ያስገርማል። ባለ ፈቃዱ መታወቂያ ሲጠየቅ የሽጉጥ ፈቃዱንም አብሮ እንዲያሳይ ሕጉ ያዛል፤ ባያሳይ የሚደርስበት ቅጣት ግን በ2009 ተነሥቷል። ጥርሱ የወለቀ ሕግ ማለት ይኼ ነው። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝ ስለተፈቀደ፣ ደክሞ ፈቃድ ያወጣው ሰው ግዴታ ሲኖርበት ያላወጣው ምንም የሚያሳየው የለም። ለክፍል ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ወደ አጎቴ ስንመለስ፣ ቨርጂኒያ ሳይጠየቁ ተናገሩ አትልም። ፖሊስ ሲጠይቅ ፈቃዱንና መታወቂያውን ማሳየት ግን ግዴታ ነው። የባለ ፈቃዱ ስም በግዛቱ የፖሊስ መረጃ መረብ ውስጥ ስለሚመዘገብ፣ ፖሊሱ ኮምፒውተሩን ሲነካ ያገኘዋል። ስለዚህ በሕጉ ፊት አጎቴ አላጠፉም። ግን ይህን ብቻ ብነግራቸው የነገርኳቸው ግማሹን ነው። በዚያ ሌሊት ሊገድላቸው ይችል የነበረው ዝምታቸው አልነበረም።

ሁለት ሌሊቶች

ይህን የተረዳሁት ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው በ2011 ኦሃዮ ውስጥ፣ ካንተን በምትባል ከተማ የሆነ ነው። ያኔ የኦሃዮ ሕግ ባለ ፈቃዱ ፈጥኖ እንዲናገር ያዝዝ ነበር፤ አለመናገር በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ፖሊሶች በሌሊት አንድ መኪና አስቆሙና አብረውት የነበሩትን ሰዎች ማጣራት ያዙ። አሽከርካሪው ፈቃዱን ይዞ ለመናገር ይሞክራል፤ ፖሊሱ ዝም በል እያለ ያቋርጠዋል። ደቂቃዎች አለፉ። በመጨረሻ ሽጉጥ እንዳለው ሲታወቅ ፖሊሱ በቁጣ ገንፍሎ ሊገድለው ይችል እንደነበር እየደጋገመ ዛተበት። ይህ ሁሉ በራሱ በፖሊሱ መኪና ካሜራ ተቀርጿል። ሰውየው ታሰረ፣ “አላሳወቀም” ተብሎም ተከሰሰ፤ ክሱ ግን አልጸናም። ሕጉ ተናገር ይላል፣ የሕጉ አስከባሪ ደግሞ ዝም በል ይላል። ሰውየው ምን ያድርግ?

ሁለተኛው ይበልጥ የታወቀ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2016፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ፋልከን ሃይትስ በምትባል የሴንት ፖል ዳርቻ ከተማ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ የ32 ዓመት ሰው መኪና ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። ካስቲል የአንድ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ጓደኛውና የአራት ዓመት ልጇ ነበሩ። ለአሽከርካሪው የተነገረው የፍሬን መብራት አልሠራም የሚል ነው። ፖሊሱ ጀሮኒሞ ያኔዝ ግን ቀደም ሲል በሬዲዮ መልኩ ከአንድ ዘረፋ ተጠርጣሪ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ነበር። ካስቲል ሽጉጥ ይዟል፤ ፈቃድም አለው።

ፖሊሱ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ጠየቀ። ካስቲል የኢንሹራንሱን ወረቀት ሰጠ። ቀጥሎም በተረጋጋ ድምፅ፣ በአክብሮት፣ “ጌታዬ፣ መሣሪያ መያዜን ልነግርዎት ይገባኛል” አለ። የሚኒሶታ ሕግ እንዲናገር የሚያስገድደው ሲጠየቅ ብቻ እንደሆነ ከላይ አይተናል። ካስቲል ሕጉ ከጠየቀው በላይ አድርጓል። ፖሊሱ “እሺ፣ እንግዲያው እንዳትነካው” አለ፤ ወዲያው “እንዳታወጣው” አለ። ካስቲል “እያወጣሁት አይደለም” አለ። ጓደኛውም “እያወጣው አይደለም” አለች። ፖሊሱ እንዳታወጣው ብሎ ጮኸና ሰባት ጊዜ ተኮሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካነጋገረው አንድ ደቂቃ አልሞላም። ካስቲል ሞተ። ሽጉጡ የቁምጣው ኪስ ውስጥ ነበር፤ የሽጉጥ ፈቃዱም ቦርሳው ውስጥ ተገኘ።

ጓደኛው መታወቂያውን ሊያወጣ ነበር አለች። ፖሊሱ በፍርድ ቤት ሽጉጡን ሊያወጣ መስሎኝ ለሕይወቴ ፈራሁ አለ። ሰኔ 16 ቀን 2017 ጁሪው ፖሊሱን ከሰው መግደል ክሱ ነጻ አወጣው። ፖሊሱን የቀጠረችው ከተማ ለካስቲል እናት ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ከፍርዱ በኋላ ይፋ የሆነውን ቪዲዮ እኔም አየሁት። ሁለተኛ አላየውም።

አሁን ሁለቱን አስተያዩልኝ። አንዱ ለመናገር አልተፈቀደለትም፣ ተረፈ፣ ተከሰሰ። ሌላው ያለ ግዴታው ተናገረ፣ ሞተ። ጥያቄው “መናገር ይሻላል ወይስ ዝምታ?” ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሌሊቶች እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ። እኔ ግን የሚጣረሱ አይመስለኝም። ካስቲል በዚያች ደቂቃ ሁለት ትእዛዝ ነበረበት። “መንጃ ፈቃድህን ስጠኝ” ማለት እጅህን አንቀሳቅስ ማለት ነው። “እንዳትነካው” ደግሞ አታንቀሳቅስ ማለት ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ አልተሻረም፤ ሁለተኛው ላዩ ላይ ተደረበ። ቦርሳውና ሽጉጡ ተቀራርበው ባሉበት ገላ ላይ አንዱን ትእዛዝ የፈጸመ ሌላውን የጣሰ ይመስላል። ትእዛዞቹን ማስታረቅ የነበረበት ሥልጠናውም ሥልጣኑም ያለው ፖሊሱ ነበር፤ ይህን ስል ሟቹን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ነገር ግን ሕጎቹ በአብዛኛው የሚከራከሩት ስለ አንደበት ሲሆን አደጋው ያለው እጅ ላይ ነው። ብዙዎቹ የማሳወቅ ሕጎች ከተናገርክ በኋላ እጅህ የት ይሁን የሚለውን በቅጡ አይመልሱም። ካስቲል ከሞተ ወዲህ በአንዳንድ ግዛቶች የአሽከርካሪዎች ትምህርት ይህን ማንሣት ጀምሯል፤ ቴክሳስም በ2017 አሽከርካሪ ፖሊስ ሲያስቆመው ስለሚያደርገው ነገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ሕግ አውጥቷል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ካስቲል ጥቁር ነበር፤ በ13 ዓመት ውስጥ በጥቃቅን የትራፊክ ምክንያቶች ከ40 ጊዜ በላይ ፖሊስ አስቁሞታል። ማለትም ፖሊስ ሲያስቆም ምን እንደሚደረግ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ያው ዓረፍተ ነገር ከተለያየ ሰው አፍ ሲወጣ የሚሰማው ጆሮ እኩል አይሰማውም። አጎቴ ይህን ስነግራቸው “እሱን እንኳ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ” አሉ።

ፖሊሱ ምን ማድረግ ይችላል?

ብዙ ሰው ፈቃድ ካለኝ ማን ይነካኛል ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በ1977 በሚምስ መዝገብ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ታርጋው ጊዜው ያለፈበት መኪና የቆመበት ሰው ከመኪናው እንዲወርድ ታዘዘ፤ ሲወርድ ከጃኬቱ ሥር ያበጠ ነገር ታየና ሲፈተሽ የጎረሰ ሽጉጥ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ያስቆመውን አሽከርካሪ ያለ ተጨማሪ ምክንያት ውረድ ሊለው ይችላል አለ። በ1983 ደግሞ በሎንግ መዝገብ፣ ሰውየው አደገኛ ነው ብሎ በምክንያት የጠረጠረ ፖሊስ የመኪናውን የውስጥ ክፍል ለመሣሪያ ሊፈትሽ እንደሚችል ወሰነ።

ለእነ አጎቴ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ2017ቱ የሮቢንሰን መዝገብ ነው። የሰማው ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚሸፍነው አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። በዌስት ቨርጂኒያ በቀበቶ ምክንያት በቆመ መኪና ውስጥ የነበረ ተሳፋሪ መሣሪያ ይዟል የሚል ጥቆማ ስለነበር ተፈተሸ። ተከራካሪው በግዛቱ በፈቃድ መያዝ ሕጋዊ ከሆነ “ታጥቋል” ማለት “አደገኛ ነው” ማለት አይደለም አለ። አብዛኞቹ ዳኞች አልተቀበሉትም፤ ፈቃድ ኖረው አልኖረው በሕጋዊ መንገድ የቆመ ሰው መታጠቁ በምክንያት ከተጠረጠረ ላይ ላዩን ሊፈተሽ ይችላል አሉ። እንግዲህ መብት ነው የተባለው ነገር ራሱ ለመፈተሽ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። በክፍላችን ክርክር ቢደረግበት ደስ ይለኛል፤ እኔ በበኩሌ የተቃወሙትን ዳኞች እደግፋለሁ። የሆነ ሆኖ ሌሊት መንገድ ላይ የሚሠራው የተወሰነው ነው።

እጅ፣ ከዚያ አፍ

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የእኛን ልማድ እንይ። አገራችን ውስጥ ትራፊክ ሲያስቆመን ብዙዎቻችን በትሕትና ከመኪና ወርደን መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ይዘን ወደ ፖሊሱ እንሄዳለን። አሜሪካ ውስጥ ሳይታዘዝ የወረደ አሽከርካሪ ፖሊሱን ያስደነግጣል። ቸኩሎ ለመታዘዝ ብሎ ከደረት ኪስ ወረቀት መምዘዝም እንደዚያው ነው። እኛ ዘንድ አክብሮት የሆነው እነሱ ዘንድ ዛቻ ይመስላል። እዚያ የሚጠበቀው መቀመጥ፣ ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራት ማብራት፣ መስኮቱን ማውረድ፣ ሁለቱንም እጅ መሪው አናት ላይ ማድረግና መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለቀ መሆን አለበት፤ እሱ እየተጠጋ ሳለ መሳቢያ መክፈት አይገባም።

ቀጥሎ የአነጋገሩ ቅደም ተከተል አለ። በአማርኛ “ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አለኝ” ስንል ሽጉጥ የሚለው ቃል ቀድሞ ይወጣል። በዚህ ልማድ እንግሊዝኛ ስንናገር፣ በዚያ ላይ ስንደነግጥ፣ የሚቀናን “አይ ሃቭ ኤ ገን” ነው። አጎቴን የዘረፋቸው ሰውዬ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይኸው ነበር! ስለዚህ “ፐርሚት” የሚለው ቃል ይቅደም፤ የያዝኩበት ቦታ ይከተል፤ መጨረሻው ጥያቄ ይሁን። “ኦፊሰር፣ የመያዝ ፈቃድ አለኝ፣ ቀኝ ወገቤ ላይ ነው፣ መንጃ ፈቃዴም በዚያው በኩል ኪሴ ውስጥ ነው፤ ምን ላድርግ?” እንደማለት ነው። ይህ መጨረሻ ላይ ያለው “ምን ላድርግ?” ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሁለቱን የሚጣረሱ ትእዛዞች ወደ ፖሊሱ መልሶ “አንተው አስታርቃቸው” ማለት ነው። መልሱ እስኪመጣ እጅ መሪው ላይ ይቆያል። ሽጉጡን ልይ ካለም አውጥቶ መስጠት አይደለም፤ እሱ ራሱ ይውሰደው።

ሕጉ የማያስገድድ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ያልተጠየቁትን መናገር የአምፖል ጉዳይን የሽጉጥ ጉዳይ ማድረግ ነው ይላል። ሌላው ፖሊስን ከሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ ድንገተኛ ግኝት ይከፋል ይላል። እኔ የማምንበት መለያ ይኼ ነው፦ የሚጠየቁትን ወረቀት ለማውጣት እጅ ሽጉጡ ባለበት በኩል ማለፍ ካለበት፣ ሕጉ አላስገደደም ብሎ ዝም ማለት ዋጋ የለውም፤ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት መናገር ነው። ወረቀቱ ሌላ ቦታ ከሆነና ግዛቱ ካላስገደደ ግን ዝምታው መብት ነው፤ በመብት መጠቀምም ነውር የለውም። ከተጠየቁ በኋላ መዋሸት በየትም ቦታ ሌላ ጣጣ ነው።

ድልድዩ

የአጎቴ ነገር በዚህ አላለቀም፤ ይልቅ የባሰውን ያገኘሁት መጨረሻ ላይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ታክሲ የሚነዱትም ጥቂት አይደሉም። አንድ ሾፌር በአንድ ሌሊት ሦስት ሕግ ያቋርጣል፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ። ሜሪላንድ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። ዲሲም አትቀበልም። ዲሲ ሽጉጥ ይዞ ለመንቀሳቀስ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ያለዚያ መያዝ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። የዲሲ ባለ ፈቃድ ደግሞ ፖሊስ ሲያስቆመው መያዙንና ሽጉጡ የት እንዳለ እንዲናገር ይገደዳል።

እንግዲህ የቨርጂኒያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር ፈቃዱ ወንዙ ማዶ ቀርቷል። እዚያ ፖሊስ ቢያስቆመውና በቅንነት “ሽጉጥ አለኝ” ቢል ማሳወቅ ሳይሆን የእምነት ቃል መስጠት ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 በሄይንስ መዝገብ ሕገ ወጥ መሣሪያ የያዘን ሰው በራሱ ላይ የሚያስመሰክር ምዝገባ ማስገደድ አይቻልም ብሏል። የማሳወቅ ሕግም የሚያስረው ፈቃድ ያለውን ሰው ነው፤ ሽፍታውን ሕገ መንግሥቱ ዝም እንዲል ይፈቅድለታል።

አጎቴ ዜግነት አልወሰዱም፤ ግሪን ካርድ ነው ያላቸው። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ብዙ ዓመት መኖሩ ብቻ አያድነውም። አሥራ አንድ ዓመት የተነዳበት ታክሲ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ድልድይ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ ከእኛ መካከል በተማሪ ቪዛ ለመሄድ የሚያስቡ ካሉ፣ በዚያ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ውጭ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ እንደተከለከለ ይወቁ። የጓደኛን ሽጉጥ “ለደቂቃ ያዝልኝ” ሲባል እሺ ማለት አይገባም።

መልሴን ይዤ የደወልኩ ዕለት አጎቴ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ለወትሮው እንዲህ አይደሉም። የኪስ ቦርሳቸውን ወደ ሸሚዝ ኪሳቸው፣ ሊብሬውን ወደ ፀሐይ መከለያው እንደሚያዛውሩ ነገሩኝ። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና እሳቸውም አሉት። “ፐርሚት” የሚለው ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

“ድልድዩስ ጋሼ?” አልኳቸው።

“የሌሊት ተሳፋሪ ጆርጅታውን ሲል ምን ልበለው? ውረድ ልበለው?”

“ሽጉጡን ቤት ይተዉታ።”

“ያን ጊዜ ባዶ እጄን ስነዳ የሆነውን ረሳሽው?” አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

እስካሁን አልወሰኑም። የኋላ መብራቱን ግን በማግሥቱ አሠርተውታል።